«አስፋ» ወይስ «ድንበር ግፋ»? የመስኮት መጠን ትዕዛዝ ስትነድፉ የቱን ትመርጣላችሁ

ደሴ ያለችው የጽሕፈትና የኮፒ ቤታችን ሁለት አሮጌ ላፕቶፖች አሏት። የሁለቱም ስክሪን 1366 በ768 ፒክስል (የስክሪን ነጥብ) ነው። ሥራው ሁሌ አንድ ነው፦ በግራ በኩል በእጅ የተጻፈ ወረቀት ፎቶ ይከፈታል፣ በቀኝ ሊብሬ ኦፊስ ይከፈታል፣ ከዚያ እያዩ መተየብ ነው። በዚህ ስፋት ላይ ሁለት መስኮት ጎን ለጎን ማስቀመጥ ማለት ቀኑን ሙሉ አንዱን እያሰፉ ሌላውን እያጠበቡ መዋል ማለት ነው። በማውስ ያችን ቀጭን ጠርዝ ፈልጎ መጎተት ሲሰለቸን ሊኑክስ ጫንን፣ አይስሪ (i3) የሚባለውን ዊንዶው ማናጀርም፣ ማለትም መስኮቶችን የሚደረድርና መጠናቸውን የሚወስን ፕሮግራም፣ አስገባን።

እኔ ደግሞ አርፌ አልቀመጥ ብዬ በላዩ ላይ የአማርኛ ትዕዛዝ የሚቀበል ትንሽ ፕሮግራም ልጽፍ ተነሳሁ። ኮዱ ሁለት ምሽት ፈጀ። «ትዕዛዙ እንዴት ይጻፍ» የሚለው ግን ሁለት ወር ሙሉ ቡና ላይ አጨቃጨቀን። የራሳችሁን ዊንዶው ማናጀር የምትጽፉ፣ ወይም እንደኔ በሌላ ሰው ሥራ ላይ የምትለጥፉ ካላችሁ ያየነውን ልንገራችሁ። እናንተ በአንድ ቡና ትጨርሱት ይሆናል።

የመጀመሪያውን ጠብ ያመጣው ቀስት ነው

አይስሪ ሲጫን ይዞት በሚመጣው አሠራር መጀመሪያ የመጠን ሁነታ ውስጥ ትገባላችሁ። ከዚያ የቀኝ ቀስት ወርድ ይጨምራል፣ የግራ ቀስት ወርድ ይቀንሳል። አብራኝ የምትሠራው ልጅ በቀኝ ባለው መስኮት ላይ ሆና የቀኝ ቀስት ተጫነች። መስኮቱ ሰፋ። ግን ያ መስኮት የስክሪኑ ዳር ላይ የተለጠፈ ነው፤ በቀኝ በኩል መሄጃ የለውም፣ ሊሰፋ የሚችለው በግራ ብቻ ነው። ስለዚህ መሀል ላይ ያለው መስመር ወደ ግራ ሄደ።

«ቀኝ ስለው ግራ ይሄዳል። ይሄ ነገር ተበላሽቷል» አለችኝ።

አልተበላሸም። ትዕዛዙ የሚያወራው ስለ መስኮቱ ነው፣ የሷ ዓይን ያለው ግን መስመሩ ላይ ነው። ምርጫው ሁሉ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፦ ትዕዛዛችሁ ስለ መስኮቱ ነው የሚናገረው ወይስ ስለ ድንበሩ? ይህን ሳትወስኑ ስለ ቃላትና ስለ ምልክት ብትጨቃጨቁ ዙሪያውን ነው የምትዞሩት።

መስኮቶች የማይደራረቡበት፣ ስክሪኑን እንደ ማሳ ተካፍለው የሚቀመጡበት አሠራር ታይሊንግ ይባላል። የአጎቴ እርሻ ተሁለደሬ ነው። እዚያ «መሬቱን አሰፋ» ሲባል ሰው ፊቱን ያጠቁራል፤ ትክክለኛው ቃል «ድንበር ገፋ» ነው፣ ምክንያቱም የአንዱ መስፋት የሌላው መጥበብ ነው፣ ነገሩም አባጋር (አስታራቂ ሽማግሌ) ፊት ሳይደርስ አያልቅም። ታይሊንግም እንደዚያው ነው። የትኛውም መስኮት ከጎረቤቱ ሳይወስድ አይሰፋም።

መስኮቱን የሚያዙት

አይስሪና ወንድሙ ስዌይ (እሱም ዊንዶው ማናጀር ነው) የሚጽፉት እንዲህ ነው፦

ሪሳይዝ ግሮው ዊድዝ 10 ፒክስል ኦር 10 ፒፒቲ

ማለትም «የዚህን መስኮት ወርድ በ10 ፒክስል ወይም በ10 ፒፒቲ (ከሙሉው ቦታ 10 ከመቶ) አስፋ»። ጥሩነቱ እንደ ንግግር መነበቡ ነው፤ ምንም የማያውቅ ሰው ኮንፊግ (ማስተካከያ) ፋይሉን ከፍቶ ይገባዋል። «ወርድ» ብላችሁ ጎን ካልጠራችሁ አይስሪ ቦታውን በዚያ ረድፍ ካሉት ከሌሎቹ ሁሉ ነው የሚወስደው። «ግራ» ወይም «ቀኝ» ካላችሁት ደግሞ በዚያ በኩል ካለው ጎረቤት ብቻ። ሁለት መስኮት ሲሆን ልዩነቱ አይታይም። ሦስት ሲሆን ነው ጉድ የሚመጣው፤ መሀል ያለውን ሳሰፋ ለቴሌግራም የተተወችው ቀጭን ሰቅ ሳላስባት ጠብባ ጠብባ መልእክቱ ፊደል በፊደል ወደ ታች መውረድ ጀመረ።

ድንበሩን የሚያዙት

ቲመክስ ዊንዶው ማናጀር አይደለም፣ ተርሚናልን (ትዕዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን መስኮት) የሚከፋፍል ፕሮግራም ነው፤ ጥያቄው ግን አንድ ዓይነት ነው። እሱ «ወደ ቀኝ 5» ሲባል ድንበሩን ወደ ቀኝ ይወስደዋል። በግራ ክፍል ላይ ከሆናችሁ ክፍላችሁ ይሰፋል። የቀኝ ዳር ላይ ከሆናችሁ ይጠባል። ቃል ሲሆን ግራ ያጋባል፣ ቀስት ሲሆን ግን ፍጹም ነው፣ ምክንያቱም ጣት ወደጠቆመበት መስመሩ ይሄዳል። የሥራ ባልደረባዬን የገላገላት ይሄ ነው።

ቢኤስፒደብሊውኤም (bspwm) የሚባለው ዊንዶው ማናጀር ደግሞ ድንበሩን በስሙ ያስጠራችኋል። «የቀኙ ጠርዝ 20 ወደ ቀኝ፣ 0 ወደ ታች» ትሉታላችሁ። ምንም አሻሚ ነገር የለበትም፤ የቱ ጠርዝ እንደሚሄድ፣ ወዴትና ምን ያህል እንደሚሄድ ሁሉ ተነግሯል። ዋጋው ግን ርዝመት ነው። አብሮት የሚመጣው የቁልፍ ፋይል ለአራት አቅጣጫ ማስፊያ አንድ መስመር፣ ለአራት አቅጣጫ ማጥበቢያ ሌላ መስመር ይዟል፣ ስምንት ቁልፍ ማለት ነው። የጠራችሁት ጠርዝ የስክሪኑ ዳር ከሆነ ደግሞ ምንም አይሆንም። ለስክሪፕት፣ ማለትም ትዕዛዞች ተጽፈው በራሳቸው ለሚሄዱበት ፋይል፣ ከዚህ የተሻለ የለም። ለጋሼ ግን አይሆንም። ጋሼ ከእኛ ጋር የሚተይቡ ጡረተኛ ናቸው፣ ከታይፕራይተር ዘመን ጀምሮ ጣታቸው የሰላ፣ «ምንድነው ሁለተኛው ዜሮ?» ብለው የሚጠይቁ ሰው።

ድርሻን የሚያዙት

ዲደብሊውኤም (dwm) በሚባለው ዊንዶው ማናጀር ውስጥ ዋናው ክፍል የስክሪኑን ስንት እጅ ይያዝ የሚል አንድ ቁጥር ብቻ አለ። ሲጀምር 0.55 ነው፣ አንድ ቁልፍ 0.05 ይጨምራል፣ ሌላው 0.05 ይቀንሳል፣ ከ0.05 በታችና ከ0.95 በላይ አልሄድም ይላል። ሌላው ዊንዶው ማናጀር ኤክስሞናድ እንዲያውም ትዕዛዙ ውስጥ ቁጥር አያስገባም፤ «ስፋ» ወይም «ጥበብ» ብቻ ነው፣ እርምጃው 3 ከ100 መሆኑ አቀማመጡ ውስጥ አስቀድሞ ተጽፏል። እውነቱን ለመናገር ሁለት መስኮት ብቻ ለሚጠቀም ቤት ይሄ በቂ ነው። የኛ ሥራም ከዚህ አያልፍም ነበር። ግን ሦስተኛ መስኮት ሲከፈት ድርሻው የማን ድርሻ እንደሆነ እንደገና ማስረዳት ይመጣል።

ኒሪ የሚባለውን ዊንዶው ማናጀር ለብቻው ላንሳው፣ ምክንያቱም ጥያቄውን ከሥሩ ነው የነቀለው። መስኮቶቹ ወደ ጎን በማያልቅ ሰቅ ላይ ይደረደራሉ፣ አንዱ ሲሰፋ ሌላው አይጠብም፣ ገፋ ይላል እንጂ። ድንበርተኛ የሌለው መሬት ነው! እዚያ «አስፋ» ማለት አስፋ ማለት ብቻ ነው። ደግሞ አንድ ቁልፍ በተጫናችሁ ቁጥር ሲሶ፣ ግማሽ፣ ሁለት ሦስተኛ እያለ የሚያዞር ትዕዛዝ አለው። እኔ ይሄን የመጨረሻውን ሳላፍር ሰርቄዋለሁ። ሰው 47 ወይም 52 በመቶ አይፈልግም። «ግማሽ አድርጊልኝ» ነው የሚለው።

«ጨምር» እና «ይሁን» ሲደበላለቁ

ብዙ ሥራ የሚያበላሸው እዚህ ነው። 20 ስትሉ፣ 20 ይጨመር ነው ወይስ 20 ይሁን?

የጽሑፍ ማዘጋጃው ቪም በአንድ ምልክት ነው የሚለየው። «ሪሳይዝ 20» ቁመቱን 20 መስመር ያደርገዋል፣ «ሪሳይዝ +20» ግን 20 መስመር ይጨምርበታል። አንዲት የመደመር ምልክት ስትረሱ ትርጉሙ ተገለበጠ። ሃይፐርላንድ የሚባለው ዊንዶው ማናጀር ተቃራኒውን መረጠ፦ ባዶ ቁጥር መጨመር ነው፣ ልክ ለመስጠት «ኤግዛክት» የሚል ቃል ከፊቱ ይገባል። በማክ ላይ ያለው ያባይ (ስሙ ጃፓንኛ ነው፣ ከዓባይ ጋር ዝምድና የለውም) ለድርሻ «አብስ» (ይሁን) እና «ሬል» (ይጨመር) የሚሉ ሁለት አጭር ቃላት አሉት፣ ሁለቱም ይጻፋሉ፣ ግምት የለም። የዲደብሊውኤምን ሳይ ግን ሳቅኩ። ቁጥሩ ከ1 በታች ከሆነ ጭማሪ ነው፤ ከ1 በላይ ከሆነ 1 ተቀንሶለት ልክ ይሆናል። ስለዚህ ግማሽ ለማለት 1.5 ትጽፋላችሁ። ለጸሐፊው ብልኀት ነው፣ ለአንባቢው እንቆቅልሽ።

የኔ ፍርድ ግልጽ ነው፦ በምልክት አትለዩ፣ በቃል ለዩ። በተለይ የመቀነስ ምልክቱ ሌላም ጣጣ አለው። ትዕዛዙን በተርሚናል የሚቀበል ፕሮግራም ከጻፋችሁ፣ በሰረዝ የሚጀምር ነገር ብዙውን ጊዜ እንደ ማስተካከያ አማራጭ ነው የሚነበበው። «-20» ስትሉት «20 የሚባል አማራጭ አላውቅም» ብሎ ይመልስላችኋል። «ቀንስ 20» ካላችሁ ይሄ ራስ ምታት አይመጣም።

መለኪያውን ቶሎ ልጨርሰው

ፒክስል ለተንሳፋፊ (ከሌሎቹ በላይ ልቅ ሆኖ ለሚቀመጥ) መስኮት ጥሩ ነው፣ ለታይሊንግ መጥፎ። 20 ፒክስል በኛ ስክሪን ላይ ከመቶ 1.5 ገደማ ነው፤ 3840 ስፋት ያለው ስክሪን ላይ ግማሽ ፐርሰንት ብቻ ነው። አይስሪ ትዕዛዙ ውስጥ ሁለቱንም የሚያስጽፈው ለዚህ ነው፣ ፒክስሉ ለተንሳፋፊው፣ ፒፒቲው ለታይሊንጉ።

ፐርሰንት ስትሉ ደግሞ የምኑ ፐርሰንት እንደሆነ ቁርጡን ተናገሩ። የመስኮቱ የራሱ ከሆነ ወጥመድ አለው፦ 100 የነበረው በ10 በመቶ ሰፍቶ 110 ይሆናል፣ መልሳችሁ በ10 በመቶ ስታጠቡት 99 ነው። አንድ ጨምራችሁ አንድ ብትቀንሱ ወደ ቦታው አይመለስም። ቀኑን ሙሉ ወደፊት ወደኋላ ስትሉ መስኮቱ እንደ ታጠበ ሹራብ እየተኮማተረ ይሄዳል። ፒፒቲ ግን ከሙሉው ቦታ የሚለካ የመቶኛ ነጥብ ስለሆነ ይመለሳል። ይሄን ምረጡ።

ለተርሚናል በፊደል መቁጠር የሚሉም አሉ። ኤክስተርም የሚባለው ተርሚናል «80 በ24» ሲባል 80 ፊደል በ24 መስመር ነው የሚረዳው። ለተርሚናል ብቻ ነው የሚጠቅመው፣ እኛ ዘለልነው።

አሁን ወደ አማርኛው

መጀመሪያ ያደረግኩት እንግሊዝኛውን ቃል በቃል መገልበጥ ነበር፦

አስፋ ወርድ 5

ሦስት ነገር ተበላሸ። አንደኛ፣ ግሱ ፊት መምጣቱ። አማርኛ ግሱን ለመጨረሻ ነው የሚያቆየው። «አስፋ ወርድ» ብሎ የሚያወራ ሰው የለም፣ ጋሼ ገና እንዳዩት «ይሄ የድሮ የፖስታ ቤት ቴሌግራም ቋንቋ ነው» አሉ።

ሁለተኛ፣ ጾታ። «አስፋ» ለወንድ ነው፣ «አስፊ» ለሴት፣ «ያስፉ» ለሚከበር። ኮምፒውተሩ ማነው? እኛ ቤት ላፕቶፕ «እሷ» ናት፣ «ቻርጅ ጨረሰች» ነው የሚባለው። ልጅቷ «አስፊ ነው መባል ያለበት» አለች። ጓደኛዬ ኮምቦልቻ ሶፍትዌር የሚማር ነው፣ «ሦስቱንም ተቀበላቸው» አለ። ተቀበልኳቸው፤ የቃላት ዝርዝሩ በአንድ ጊዜ በሦስት ተባዛ።

ሦስተኛው አስቂኝ ነው። በፍጥነት የሚተይብ ሰው «አስፋ»ን «አሰፋ» ብሎ ይጽፈዋል። በሊኑክስ የላቲን ፊደል እየነካን ነው ግዕዙን የምንጽፈው፣ አንዲት አናባቢ ትርፍ ስትገባ ሳድሱ ግዕዝ ይሆናል። ስለዚህ ፕሮግራሜ በቀን አሥር ጊዜ «አሰፋ 5» የሚል ትዕዛዝ ይመጣለት ነበር፣ አምስት ብር የተበደረ ሰው ስም የተመዘገበ ይመስል።

መውጫውን ያገኘሁት ጋሼ ራሳቸው ለደንበኛ ሲናገሩ ሰምቼ ነው። «ኅዳጉ በትንሹ ይጨምር? ፊደሉ 12 ይሁን?» ይላሉ። ይጨምር! ይሁን! ማንንም አያዝዙም፣ ስለ ነገሩ ነው የሚናገሩት። ለኮምፒውተሩ ጾታ መስጠት ቀረ። ግሱም መጨረሻ ላይ ተቀመጠ፦

ወርድ በ5 ይጨምር
ወርድ በ5 ይቀንስ
ወርድ 50 ይሁን
ድንበር ወደ ግራ በ5 ይገፋ

የጨምርና የይሁን ጭቅጭቅም አብሮ መሞቱን አስተውሉ። «በ» ካለ ለውጥ ነው፣ ከሌለ ልክ ነው። ምልክት አላስፈለገም፣ ሰዋስዉ ራሱ ሥራውን ሠራው። አንድ ሰው «ወርድ 5 ይጨምር» ብሎ «በ»ን ቢረሳ እንኳ ግሱ ይመሰክራል፣ ስለዚህ ዝም ብዬ እቀበለዋለሁ። «ወርድ በ50 ይሁን» ካለ ግን እመልሰዋለሁ፣ ምክንያቱም ምን ማለቱ እንደሆነ እኔም አላውቅም።

ከቃላት ምርጫ ውስጥ ደግሞ «ስፋት»ን ጥዬ «ወርድ»ን ያዝኩ። ስፋት አንዳንዴ አግድሙን፣ አንዳንዴ የጠቅላላውን ቦታ መጠን ነው የሚለው። ወርድ ግን ነጠላ የሚሸጥ ሰው የሚያውቀው ቃል ነው፤ ወርዱና ቁመቱ ተብሎ ይለካል፣ አይምታታም። ሌላም ጥቅም አለው። የሐይቅን ስም በስንት ዓይነት ሀ ሲጻፍ ታያላችሁ? ሐይቅ፣ ሀይቅ፣ ኃይቅ። ትዕዛዝ ውስጥ እንዲህ ያለ ፊደል ከገባ ፕሮግራሙ ሁሉንም አንድ አድርጎ ማንበብ አለበት። ወርድ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ላይ፣ ታች፣ ድንበር፣ አንዳቸውም ሞክሼ ፊደል የለባቸውም። የተገረምኩት «ቁመት» ላይ ነው፤ ጋሼ በቀድሞው ሥርዓት «ቍመት» ብለው ይጽፉታል። ለእሳቸው ስል አንድ መስመር ጨመርኩ። ርዝመት ቆርጣችሁ የምታነቡ ከሆነ ደግሞ በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት እንደሚይዝ አትርሱ፣ በባይት ከቆረጣችሁ ፊደሉን መሀሉ ላይ ነው የምትሰነጥቁት።

ሁለት ትዕዛዝ በአንድ ለማስኬድ አይስሪ ነቁጥ ከነሰረዝ (;) ይጠቀማል። እኛ አራት ነጥብ አለን፣ ሌላ ምን ያስፈልጋል፦

ወርድ 60 ይሁን። ቁመት 100 ይሁን።

ታዲያ የቱን ትያዙ

ቁልፍ ብቻ የሚነካ ሰው ካላችሁ ቀስቱን ለድንበር ስጡት፣ እንደ ቲመክስ። ቀኝ ማለት መስመሩ ወደ ቀኝ ይሂድ ማለት ይሁን፣ ሌላ ማብራሪያ አያሻም። ኮንፊግ ወይም ስክሪፕት ለሚጽፍ ሰው ግን ወርድና ቁመት በሚል ስለ መስኮቱ ይናገር፣ ምክንያቱም ሲጽፍ ዓይኑ መስመሩ ላይ አይደለም፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ያለው «ይሄ ሰፋ ይበል» ነው። ሁለቱን በአንድ ቃል ለመጠቅለል አትሞክሩ፤ እኔ ሞክሬ ነው ሁለት ወር ያጠፋሁት። የጠርዝ ስም የሚያስጠራውን የቢኤስፒደብሊውኤም መንገድ ሌላ ፕሮግራም ለሚያዝዘው ነገር አስቀምጡት። መስኮታችሁ ሁሌ ሁለት ከሆነ ደግሞ ምንም አትነድፉ፣ የዲደብሊውኤም አንዲት ቁጥር ትበቃችኋለች።

አይሆንም የሚባለው ሲመጣ ምን እንደምትመልሱም አስቡበት። ዲደብሊውኤም ገደቡ ላይ ሲደርስ ዝም ይላል። በቁልፍ ሲሆን ዝምታው ጥሩ ነው፣ ሰውየው ማለቁን ያያል። በጽሑፍ ለተሰጠ ትዕዛዝ ግን ዝምታ ንቀት ይመስላል። የኔው ፕሮግራም «ወርድ በ5 ይጨምር» ተብሎ ቦታ ከሌለ «ጎረቤቱ ከዚህ በላይ አይጠብም» ብሎ ይመልሳል። «አስፋ»፣ «አስፊ»ና «ያስፉ»ም አሁን ድረስ ይሠራሉ፣ የለመደ ሰው አለና። «አሰፋ 5» ለሚለው ግን ልጅቷ ራሷ የጻፈችውን መልስ ነው የሚያወጣው፦ «አሰፋ ዛሬ አልገባም። ወርድ በ5 ይጨምር?»